አምስት ፓርቲ፣ አንድ ወንበር

ስለ አብዮቱ ዘመን ጨዋታ ሲነሣ ነገሩ ቶሎ ሁለት ስም ላይ ያርፋል፤ ደርግና ኢሕአፓ። አንዱ አሳዳጅ፣ ሌላው ተሳዳጅ ሆነው ይተረካሉ። በሁለቱ መካከል የነበሩት ትንንሽ የግራ ድርጅቶች ግን ብልጭ ብለው የሚያልፉ ስሞች ሆነው ቀርተዋል፤ መኢሶን፣ ወዝ ሊግ፣ ኢጭአት፣ ማሌሪድ። እነዚህ አራቱ በ1968 እና በ1969 ዓ.ም ከወታደሮቹ ጋር አብረው ሠርተዋል። አዋጅ በማርቀቁም፣ ካድሬ በማሠልጠኑም፣ ቀበሌ በማደራጀቱም እጃቸው ነበረበት። አምስተኛው፣ አብዮታዊ ሰደድ፣ የራሱ የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ድርጅት ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ አራቱ ጠፍተው አምስተኛው ብቻውን ቀረ።

ይህን ሁሉ በመንግሥቱ ተንኮል ብቻ መተርጎም ቀላል ነው፤ ተንኮሉም አልጠፋም። ታሪኩን ከሥሩ ለሚከታተል ሰው ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። ድርጅቶቹ የቆሙበት መሬት የራሳቸው አልነበረም። ደመወዙም፣ ጽሕፈት ቤቱም፣ ማተሚያ ቤቱም፣ በመጨረሻም ጠመንጃው የመንግሥት ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐምቡርግና በርክሌይ፤ 1957–1965

በየካቲት 1957 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ ሲወጡ በአገሪቱ ውስጥ አንድም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴዎችን ምርጫ ቢፈቅድም ተወዳዳሪው የሚቀርበው በግሉ ነበር፤ ፓርቲ የሚባል ነገር አይታሰብም። በአደባባይ መደራጀት የማይቻልበት አገር ፖለቲካው ሌላ ቤት ይፈልጋል፤ ያገኘውም የተማሪ ማኅበርን ነው። ማኅበሩ በአዲስ አበባ፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተዘረጋ ስለነበር እዚህ የታፈነው ክርክር እዚያ ይቀጥላል፤ እዚያ የታተመው መጽሔት በሻንጣ ተደብቆ እዚህ ይገባል።

ቦሌ ከመከፈቱ በፊት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ተማሪ ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር የሚነሣው። ዘመድ አዝማድ እያለቀሰ የሚሸኘው ያ ወጣት መሐንዲስ ወይም ሐኪም ሆኖ ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃል። በ1960ዎቹ ግን ብዙዎቹ ዲግሪያቸውን ከማርክስና ከሌኒን ጋር አጣምረው ነበር የሚጨርሱት።

ከእነዚህ አንዱ ኃይሌ ፊዳ ነው። ወለጋ አርጆ ተወልዶ፣ አዲስ አበባ ጄኔራል ዊንጌት ተምሮ፣ ጂኦሎጂ አጥንቶ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ። እዚያም ፊቱን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ መለሰ፤ በኦሮምኛ ሰዋስው ላይም በላቲን ፊደል ሠራ። በነሐሴ 1960 እሱና ነገደ ጎበዜ፣ አንዳርጋቸው አሰግድ፣ ፍቅሬ መርዕድ፣ ከበደ መንገሻና ሌሎች ጓደኞቻቸው ያሉበት ጥቂት ሰው ጀርመን ሐምቡርግ ከተማ ተሰብስቦ የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄን፣ መኢሶንን መሠረተ። ድርጅቱ ስሙን ለዓመታት ለሕዝብ አልተናገረም፤ በአውሮፓው የተማሪዎች ማኅበር ውስጥ ሆኖ ሰው መመልመልን መረጠ።

በአትላንቲክ ማዶ ደግሞ ሰናይ ልኬ ነበር። በካሊፎርኒያ በርክሌይ የኬሚካል ምሕንድስና ዶክትሬቱን የሠራ፣ ካራቴ የሚያስተምር፣ በሰሜን አሜሪካ የተማሪዎችን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት የመራ ሰው ነው። በ1963 ክረምት ሎስ አንጀለስ ላይ በተደረገው ጉባኤ ማኅበሩ በብሔር ጥያቄና በአመራር ጠብ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ሰናይም ከተሸናፊው ወገን ሆኖ ወጣ። በሚያዝያ 1964 ደግሞ ሌላ ቡድን በርሊን ላይ ተሰብስቦ ኋላ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ፣ ኢሕአፓ፣ የተባለውን ድርጅት መሠረተ።

ጠቡ እንግዲህ አዲስ አበባ አልተጀመረም። መኢሶኖች ሕዝቡ ገና አልነቃም፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ አስቀድሞ ማንቃትና ማደራጀት ይገባል ይሉ ነበር። የበርሊኖቹ ትግሉ በቶሎ መሣሪያ ማንሣት አለበት ባዮች ነበሩ። በውጭ አገር ካፌና በተማሪ መኝታ ቤት ውስጥ የተካረረው ይህ ክርክር ሁለቱንም ወገኖች በስም፣ በፊት፣ በቂም እንዲተዋወቁ አድርጓል። አሥር ዓመት ሳይሞላ እርስ በርስ የተገዳደሉት የማይተዋወቁ ሰዎች አልነበሩም።

አብዮቱ ያለ ፓርቲ መጣ፤ 1966–1967

የካቲት 1966 ሁሉንም ሳይዘጋጁ ደረሰባቸው። ወታደሩ በየጦር ሰፈሩ አመፀ፣ መምህራኑ አደሙ፣ የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ወደቀ። ይህን ሁሉ ያንቀሳቀሰ ፓርቲ ግን አልነበረም። በክረምቱ ሁለት ኅቡዕ ጽሑፎች ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመሩ፤ የኢሕአፓዎቹ «ዲሞክራሲያ» እና የመኢሶኑ «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»። በዚያን ወቅት ሁለቱም ሥልጣን ለጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይሰጥ ይሉ ነበር። ይህ ዛሬ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው፤ መኢሶን ሲጀምር የደርግ ደጋፊ አልነበረም።

የወታደሮቹ ኮሚቴ፣ ደርጉ፣ በመስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን አወረደ። በኅዳር ስልሳ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። በታኅሣሥ ኅብረተሰባዊነትን አወጀ፤ ተማሪውን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። በየካቲት 25 የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ወጣ። በሐምሌ 19 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወረሰ።

በወታደሮቹ ላይ የነበረውን የምሁራኑን አቋም ለሁለት የሰነጠቁት እነዚህ ሁለት የመሬት አዋጆች ናቸው። ተማሪው አሥር ዓመት የጮኸለትን ጥያቄ ደርጉ በአንድ ጠዋት መልሶታል። ከዚህ በኋላ እንደ ፋሺስት ልንቃወመው ነው ወይስ እያረምን ልንደግፈው? ኃይሌ ፊዳና ጓዶቹ በ1967 ከአውሮፓ ሲመለሱ ያመጡት መልስ «ሂሳዊ ድጋፍ» ነበር። ደርጉ ርምጃው ሲቀና ማገዝ፣ ሲጠም መተቸት፣ በሚገኘው ክፍተት ሕዝቡን ማደራጀት። «ንቃ፣ ተደራጅ፣ ታጠቅ» የሚለው መፈክራቸው ይህንኑ በሦስት ቃል ያጠቃልላል። ኢሕአፓ በዚያው ዓመት ነሐሴ ስሙንና ፕሮግራሙን ይፋ ሲያደርግ ተቃራኒውን መንገድ ያዘ።

የአዋጅ 47 ሌላው ልጅ ቀበሌ ነው። አዲስ አበባ ከ280 በላይ ቀበሌዎች ተከፋፈለች፤ ኋላ በ25 ከፍተኛዎች ተጠቃለሉ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆነ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። እንደ ልደታ ባሉ የጭቃ ቤት በተጠጋጋባቸው ሰፈሮች ይህ ማለት አብዛኛው ጎረቤት አከራዩን ቀይሮ አደረ ማለት ነው። ትናንት ለባለቤት ይከፈል የነበረው ኪራይ ተቀንሶ ዛሬ ለቀበሌ ይከፈላል፤ የፈረሰ ጣሪያም፣ የባልና ሚስት ጠብም፣ የስኳር ወረፋም እዚያው ይዳኛል። ቀበሌን የያዘ ሰው የሰፈሩን ሰው ኑሮ እንደያዘ መኢሶኖች ከሌሎች ቀድመው ተረድተዋል። የቤቶቹ ጉዳይ የሚታይበትን የከተማ ልማትና ቤት ሚኒስቴርንም በሚኒስትርነት የመራው የራሳቸው ሰው ዳንኤል ታደሰ ነበር።

ጽሕፈት ቤቱ፤ 1968

በ1968 ደርጉና የግራ ምሁራኑ ተፈራረሙ ሊባል በሚችል ሁኔታ ተሳሰሩ። ሚያዝያ 12 ቀን የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ይፋ ሆነ። ፊውዳሊዝምን፣ ኢምፔሪያሊዝምንና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝምን ሦስቱ ጠላቶች ብሎ የሚዘረዝር፣ ለብሔረሰቦች ራስን በራስ ማስተዳደርን ተስፋ የሚሰጥ ሰነድ ነበር። ይህን እንዲያስፈጽም የተቋቋመው የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤት በሊቀ መንበሩ በኃይሌ ፊዳ፣ በምክትሉ በሰናይ ልኬ ይመራ ጀመር። የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤትም ካድሬ ለማፍራት ተከፈተ።

በዚያ ዓመት አዲስ ዘመንን የሚገዛ አንባቢ ዛሬ ለማመን የሚያስቸግር ነገር ያነብ ነበር። «አብዮታዊ መድረክ» በሚለው ዐምድ ላይ የመኢሶንና የኢሕአፓ ጸሐፊዎች በብዕር ስም፣ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ፣ ዲሞክራሲ ለማን ይገባል በሚለው ጥያቄ ተፋጩ። አንዱ ሙሉ መብት ያለ ገደብ ለሁሉም ይላል፤ ሌላው ለጭቁኖች እንጂ ለአድኃሪያን መብት የለም ይላል። የክርክሩ ጥራት ዛሬም ያስገርማል። ያን ያህል የሚያስገርመው ግን ሁለቱም ወገን የፈቃዱን ቁልፍ የያዘው ሦስተኛ ወገን መሆኑን የረሳ መምሰሉ ነው። ደርጉ ሲበቃው ዐምዱን ዘጋው።

በጽሕፈት ቤቱ ጥላ ሥር ትንንሾቹም በቀሉ። ሰናይ ልኬ ወዝ ሊግን፣ የወዛደሮችን ሊግ፣ መራ። ለመንግሥቱ ቅርብ የነበረ፣ ከወታደሮቹ ጋር መነጋገር የሚችል ሰው ነበረና ሊጉ ከአባላቱ ቁጥር በላይ ክብደት ነበረው። ኢጭአት፣ የኢትዮጵያ ጭቁኖች አብዮታዊ ትግል፣ የባሮ ቱምሳ ድርጅት ነው። ባሮ የመድኃኒት ባለሙያም የሕግ ባለሙያም ነበር፤ ወንድሙ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ድርጅቱ በተለይ የኦሮሞና የሌሎች የደቡብ ብሔረሰቦች ልጆችን አሰባሰበ። ማሌሪድ፣ ማርክሳዊ ሌኒናዊ ሪቮሉሽናዊ ድርጅት፣ በተስፋዬ መኰንን የሚመራ ነበር፤ ከአምስቱ ሁሉ ቀጭኑ ይኸው ነው።

አብዮታዊ ሰደድን የፈጠሩት ደግሞ መኰንኖቹ ራሳቸው ናቸው። የግራ ምሁራኑ ድርጅት ያለው ሰው ብቻ ፖለቲካ እንደሚሠራ ሲያስተምሩ፣ ተማሪዎቻቸው ትምህርቱን በደንብ ይዘውታል። ሰደድ በአስተሳሰብ ከሌሎቹ ያነሰ ቢሆንም አንድ ነገር ነበረው፤ አባላቱ የጦር ሠራዊቱ ውስጥ ነበሩ።

ቀበሌና ጠመንጃ፤ 1969

አዲሱ ዓመት በደም ተከፈተ። መስከረም 13 ቀን መንግሥቱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ መስከረም 21 ቀን የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ። ደርጉ ኢሕአፓን የአብዮቱ ጠላት ብሎ ፈረጀ፤ ኢሕአፓም በየከተማው ካድሬዎችንና የሠራተኛ ማኅበር መሪዎችን ማደን ያዘ። በዚያው ሰሞን የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ቀበሌዎች የአብዮት ጥበቃ ጓድ እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። በተደረገው የቀበሌ ምርጫም መኢሶን በመዲናዋ ብዙ ወንበር ያዘ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ይከብዳል። ቀበሌው ቤት የሚያከራይ፣ ስኳር የሚያድል ጽሕፈት ቤት መሆኑ ቀርቶ ምርመራና እስር ቤት ሆነ። «አሰሳ» የሚባለው የቤት ለቤት ፍተሻ በመጋቢትና በግንቦት ከተማዋን አዳረሰ፤ ወጣት የተገኘበት ቤት ሁሉ ይጠረጠራል፤ ታይፕ መኪና የተገኘበት ሰው ዕጣው ይታወቃል። «ነጻ እርምጃ» የሚባለው ውሳኔ ካድሬውን ከሳሽም፣ ዳኛም፣ ገዳይም አደረገው። የአራት ኪሎው የቀበሌ ሊቀ መንበር ግርማ ከበደ የዚህ ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል። የመኢሶን ሰው ተብሎ ይታወቅ ነበር። ነፍሰ ጡር የነበረችውን ዳሮ ነጋሽን ጨምሮ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሠራተኞች ላይ ግድያ ከፈጸመ በኋላ ደርጉ ራሱ በመጋቢት ረሸነው።

መኢሶኖች ኋላ በጻፏቸው ጽሑፎች ብዙውን ግፍ ለሰደድና ለሠርጎ ገቦች ሰጥተዋል፤ ብዙ ጓዶቻቸው በኢሕአፓ ጥይት መውደቃቸውም እውነት ነው። ሆኖም ያለ ፍርድ የሚገድል ሥርዓት ሲዋቀር በቦታው ነበሩ፤ የጻፉትም ቃል፣ የያዙትም ቀበሌ ለሥርዓቱ አገልግሏል። ይህን ሳይናገሩ በእነሱ ላይ የደረሰውን በደል ብቻ መተረክ ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል።

ጥር 26 ቀን 1969 ታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተኩስ ተሰማ። የደርጉ ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ ባንቲና ሌሎች የደርግ አባላት በመንግሥቱ ትእዛዝ ተገደሉ፤ በዚያው ግቢ በተከተለው የአጸፋ ተኩስ ሌተና ኮሎኔል ዳንኤል አስፋውና ዶክተር ሰናይ ልኬ ሞቱ። ወዝ ሊግ ለመንግሥቱ ጆሮ ቅርብ የነበረውን ሰው በዚያች ዕለት አጣ፤ ከዚያ በኋላም የቀድሞ ክብደቱ አልተመለሰም።

አምስቱ ድርጅቶች በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ማርክሳዊ ሌኒናዊ ድርጅቶች ኅብረት፣ ኢማሌድህ፣ በሚል አንድ ጃንጥላ ሥር ገቡ። ዓላማው ተዋሕዶ አንድ የሠራተኛ ፓርቲ መመሥረት ነበር። በተግባር ግን እያንዳንዱ ለውሕደቱ ቀን ብዙ ሰው ይዞ ለመገኘት ይሽቀዳደማል፤ የጽሕፈት ቤቱን ሹመት፣ የክፍለ ሀገሩን ካድሬ፣ የቀበሌውን ወንበር ይናጠቃል። መኢሶን ከሌሎቹ ይልቅ ሰፊ በመሆኑ አራቱን በአንድነት አስፈራ። ሚያዝያ 9 መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን ሲሰባብር ዛቻው ለኢሕአፓ የተነገረ ነበር፤ ቀጣዩ ተረኛ ግን ከመድረኩ ጎን የቆመው ነው።

ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። መኢሶን ሕዝቡ ይታጠቅ ሲል ደርጉ ጠመንጃው በማን እጅ እንደሚገባ አሰበ። በዚያው ወር ጽሕፈት ቤቱ እንደገና ተዋቅሮ የመኢሶን እጅ እንዲላላ ተደረገ። የድርጅቱ መሪዎች የመጨረሻውን ስሌት ሠሩ፤ ቀድሞ የሚመታን ከመጠበቅ በኅቡዕ መግባት ይሻላል ብለው በነሐሴ 1969 ከመዲናዋ ወጡ። ስሌቱ ከሽፏል። ኃይሌ ፊዳን ጨምሮ ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቁ ተያዙ። በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የቀሩት አባላት ስማቸው ሲመዘገብ የኖረ በመሆኑ አንድ በአንድ ተለቀሙ። ደርጉም ዐዲስ ስም አወጣላቸው፤ ኢሕአፓ «አናርኪስት» እንደተባለ መኢሶን «የቀኝ መንገደኛ» ተባለ። ሐምቡርግ ላይ ሶሻሊዝምን ለማምጣት የማለ ድርጅት ቀኝ ተብሎ ታሠረ።

አንድ በአንድ፤ 1970–1971

ኢጭአት ቀጠለ። ጠባብ ብሔረተኛ ተብሎ ከኅብረቱ ተባረረ። ባሮ ቱምሳ ወደ ሐረርጌ ሸፍቶ ከኦሮሞ ነጻነት ግንባር ጋር ተሰልፎ እዚያው በረሃ ሞተ፤ ከሞተም በኋላ ስሙ በኦሮሞ ፖለቲካ ውስጥ ከመሥራቾቹ ተርታ ይጠራል። ወንድሙ ቄስ ጉዲና በ1971 ክረምት አዲስ አበባ ላይ ታፍነው ተገደሉ። ወዝ ሊግ በሰደድ ውስጥ ሠርጎ ገብቷል ተብሎ ተመታ። ማሌሪድም አልተረፈም፤ ተስፋዬ መኰንን ታስሮ ዓመታት አሳለፈ። የማሌሪድ ጥፋት ምን ነበር ተብሎ ቢጠየቅ ከመኖሩ ሌላ ብዙ የሚጠቀስ ነገር የለም።

በዚህ መሐል አንድ እንግዳ ነገር ተከሠተ። የካቲት 1970 ጅጅጋ ከተመለሰች በኋላ ከ15,000 በላይ ጦር የላከችው ኩባ በአዲስ አበባ ትልቅ ድምፅ ነበራት። ሃቫና ወታደሮቹ ከሲቪል የግራ ኃይል ጋር ቢታረቁ ይሻላል ብላ ታምን ነበር። ወደ አውሮፓ ያመለጠው ነገደ ጎበዜ በኩባዎች እርዳታ፣ በደቡብ የመን ፓስፖርት አዲስ አበባ ገባ፤ በኩባ ኤምባሲም ተጠለለ። መንግሥቱ ሲሰማ ተቈጣ። ነገደ ከአገር ወጣ፤ የኩባው አምባሳደርና የደቡብ የመን ዲፕሎማት ተባረሩ። በኦጋዴን ደማቸውን ያፈሰሱ ወዳጆች እንኳ ለሁለተኛ ፓርቲ ቦታ ማስከፈት እንደማይችሉ በዚህ ታወቀ።

ኃይሌ ፊዳ በ1971 በእስር ላይ ሳለ በምስጢር ተገደለ። በዚያው ዘመን የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በተመሳሳይ መንገድ ተወግደዋል። ለቤተሰብ የተነገረ ነገር አልነበረም፤ እንጀራ ይዘው ወደ እስር ቤት የሚመላለሱ ሰዎች ስንቁ መመለስ ሲጀምር ብቻ ነው የሚያውቁት።

የቀረው ወንበር፤ 1972–1983

ሞስኮ አንድ ሲቪል ፓርቲ እንዲመሠረት ትወተውት ነበር። መንግሥቱ በታኅሣሥ 1972 ፓርቲ ሳይሆን ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን፣ ኢሠፓአኮን፣ አቋቋመ። በውሕደት ስንት ሰው የሞተለትን ጥያቄ ኮሚሽኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈታው፤ አባልነት በግለሰብ እንጂ በድርጅት አይሆንም። ከማዕከላዊ ኮሚቴው አብዛኞቹ ወታደሮች ነበሩ። በጳጉሜን 1976 የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ ኢሠፓ፣ ተመሠረተ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሰሜን ኮሪያ ዘይቤ ሲከበር ወሎና ትግራይ በረሃብ ያልቁ ነበር።

ከአራቱ ድርጅቶች የተረፉ ሰዎችም በኢሠፓ ውስጥ ነበሩ። በሙያቸው የሚፈለጉ፣ ራሳቸውን ሂስ አድርገው የገቡ፣ ወይም ዝም ብለው ደመወዛቸውን የሚበሉ። የቀሩት በስደት ሆነው በየዓመቱ መግለጫ ያወጡ ነበር። ግንቦት 1983 ሲደርስ ፓርቲውም አብሮ ፈረሰ።

ተመላሾቹ፤ 1983–1997

ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ መኢሶንና ኢሕአፓ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጎን ተሰለፉ። ሁለቱም ከሌሎች ጋር ሆነው በውጭ አገር ኢዴኃቅ በተባለው ቅንጅት ውስጥ ገቡ፤ ሁለቱም ከሰኔ 1983 የሽግግር ጉባኤ ውጭ ቀሩ። በታኅሣሥ 1986 በአዲስ አበባ ለተጠራው የሰላምና የዕርቅ ጉባኤ ከውጭ የመጡ ልዑካን ገና ከአውሮፕላን ሲወርዱ ተያዙ። ከመካከላቸው የመኢሶኑ አበራ የማነአብ በቀይ ሽብር ወንጀል ተጠርጥሮ ለዓመታት ታስሯል። የትናንቱ ጥያቄ እንግዲህ ሥልጣን በያዘው ወገን እጅ ገብቶ እንደ ሕግም እንደ ፖለቲካም ያገለግል ነበር። በደርግ ባለሥልጣናት ላይ የቀረበው የዘር ማጥፋት ክስ በታኅሣሥ 1999 በጥፋተኝነት ተዘጋ።

በነሐሴ 1995 ዋሺንግተን ላይ አሥራ አምስት ድርጅቶች የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረትን መሠረቱ፤ መኢሶንም ኢሕአፓም አሉበት። በግንቦት 1997 ምርጫ ኅብረቱ ከ547 መቀመጫዎች 52ቱን አሸነፈ። ከተመረጡት አንዱ መረራ ጉዲና ነው፤ በወጣትነቱ በመኢሶን አባልነት በደርግ እስር ቤት ሰባት ዓመት ያህል ያሳለፈ። ኅብረቱ ግን ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ በሚል ጥያቄ የውጭውና የውስጡ ክንፍ ተለያየ። ሂሳዊ ድጋፍ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚል ከተለያዩት የ1968ቱ ሰዎች ጭቅጭቅ ብዙም አይርቅም፤ በዚህኛው ማንም አለመሞቱ ትልቅ ልዩነት ነው።

በልደታ ያሉት የቀበሌ ቤቶች ጥቂት ዓመታት ቆይተው በመልሶ ማልማት ፈረሱ፤ ቦታውን ኮንዶሚኒየምና ፎቅ ያዘው። አዋጅ 47 የወረሳቸው የጭቃ ግድግዳዎች በተነሡበት ወቅት የ1969ኙ አሰሳ የተካሄደባቸው በሮችና መዛግብት የተቀመጡባቸው የቀበሌ ክፍሎችም አብረው ሄዱ።

ጽሑፉ የተሻለ ዕድል አለው፤ ቢሆንም እኩል አልተከፋፈለም። ኢሕአፓ የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» አለው፤ መኢሶን የአንዳርጋቸው አሰግድ «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»፤ ማሌሪድ የተስፋዬ መኰንን «ይድረስ ለባለታሪኩ»፤ ደርጉም የመንግሥቱን «ትግላችን» እና የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ» ትቷል። የወዝ ሊግና የኢጭአት ታሪክ ግን በአብዛኛው በእነዚሁ በሌሎች መጻሕፍት ገጾች መካከል ተበትኖ፣ በባላንጣዎቻቸው ብዕር ተጽፎ ነው የሚገኘው። በእነዚያ ድርጅቶች የነበሩ ሰዎች አሁን በዕድሜ ገፍተዋል። ከዘመኑ የተረፈ ጋዜጣ፣ በራሪ ወረቀት፣ የውይይት ክበብ ማስታወሻ በሳጥን ውስጥ ያለው ቤተሰብ ካለ ለወመዘክር ወይም ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያስረክበው፤ የሚያስታውስ ሰውም ቢሆን በድምፅ ይቅረጸው።